ለስድስት ወር ቅድሚያ ሲባል፦ የአንድ ጀማሪ አከራይ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ሥራዬ የትንንሽ ግብር ከፋዮችን ሒሳብ መሥራት ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሊያከራይ የሚያስብ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ግብር ፈርቶ ነው። እነዚህ ባልና ሚስትም በ2016 ሰኔ ላይ የመጡት ለዚያ ነበር። ወረቀቶቻቸውን ዘርግተን ስናይ ግን ግብሩ ከችግራቸው ሁሉ ትንሹ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ገንዘብ የሄደው ቤቱን ባከራዩበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ማንም አልወሰደባቸውም፤ ራሳቸው ፈርመው ነው የሰጡት።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውንና ሳይታቸውን ትቼ፣ ነገሩን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

መነሻ

ባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሚስት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት ኮልፌ አካባቢ፣ በሚስት እናት ግቢ ውስጥ ነው። ኪራይ የለባቸውም።

ባል ለ20/80 ኮንዶሚኒየም (20 በመቶው በቁጠባ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር ለሚከፈለው) የተመዘገበው በ1997 ነው። ቁጠባውን ሳያቋርጥ ጠብቆ በ14ኛው ዙር ዕጣ ወጣለት። ያ ዙር የሐምሌ 2014ቱ ዕጣ ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደ አዲስ የወጣበት ነው። በመካከል ያለፈውን ጭንቀት ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የደረሰው ባለሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቦታው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካሉት ሰፋፊ ሳይቶች አንዱ ነው።

ከኮልፌ እዚያ ገብተው ይኑሩ ቢባል የሁለቱም ሥራና የልጆቹ ትምህርት ቤት ይርቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሐሳባቸው ማከራየት ነበር። ባል ሲያስረዳኝ፣ «ቤቱ ዕዳውን ራሱ ይክፈል፣ ከእኛ ደሞዝ አይንካ» ነው ያለው። አሳቡ ጥሩ ነው። ግን ጀማሪ አከራይ ሲናገረው የሚረሳው ነገር አለ። ቤቱ ዕዳውን መክፈል የሚጀምረው ሰው ከገባበት በኋላ ነው፤ ሰው የሚገባበት ደግሞ ሌላ ብዙ ብር ከወጣበት በኋላ ነው።

ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው እንደሚያውቀው የሚሰጥህ ቁልፍና ግድግዳ ነው። ብሎኬቱ አልተለሰነም፤ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ልስን፣ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የውስጥ በሮች፣ የወጥ ቤት ካቢኔትና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አንድ ላይ 240,000 ብር ወሰደባቸው። 100,000ው ከዕቁብ የወጣ ነው። 140,000ው ባል አባል ከሆነበት የመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደሩት ነው። ለባንክ በወር 5,900 ብር ይከፍላሉ። ለማኅበሩ ደግሞ 4,500 ብር። ድምሩ 10,400 ብር ነው። ይህ ቁጥር ጭንቅላታቸው ውስጥ ተቀርጾ ነበር፤ 10,000 ብር አካባቢ ኪራይ ከገባ ተገላገልን አሉ። የኪራዩን ዋጋ ያወጡት ገበያውን ሳይሆን ዕዳቸውን አይተው ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ፊኒሺንጉ በጥር 2016 ሲያልቅ የካቢኔት ሠሪውና የቧንቧ ሠራተኛው ቀሪ ክፍያ አልተሰጠም ነበር። ሁለቱም በየቀኑ ይደውላሉ። በዚህ መሀል ደላላ መጣ። ያለው በግምት እንዲህ ነው፦ «13,000 ካላችሁ ቤቱ ባዶ ይቀመጣል። 10,000 ካላችሁ ነገ ጠዋት የስድስት ወር ቅድሚያ ይዞ የሚመጣ ልጅ አለኝ።»

60,000 ብር በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ካቢኔት ሠሪውም ይከፈለዋል፣ ቧንቧ ሠራተኛውም ይከፈለዋል፣ ትንሽም ይተርፋል። በማግሥቱ ተፈራረሙ።

ውሉ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ ባዶ ቅጽ ነበር። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ዋጋ፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ከምስክሮቹ አንዱ ደላላው ራሱ ነው። በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር አልተጻፈም። የውኃ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል አልተጻፈም። የሆነ ነገር ቢሰበር ማን እንደሚያሠራ አልተጻፈም። ርክክብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቁልፍ ሰጥተው ሄዱ።

በዚያው ወር ከእነሱ በላይ ያለው ተመሳሳይ ባለሁለት መኝታ በ13,000 ብር ተከራየ። ባለቤቷ ቤቱን ከአንድ ወር በላይ ባዶ አቆይታዋለች። ይህን የሰሙት በኋላ ነው።

ሕጉ ሲመጣ

በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸደቀ። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ነጥቦች ጥቂት ናቸው። ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለኪራይ የሚቀርብ ቤት ዋጋ የሚወሰነው ግን በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው።

የመጨረሻዋን ነጥብ ደግማችሁ አንብቧት። አከራይ እንደ ልቡ ዋጋ የሚደራደረው በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር መነሻ ይሆናል። ባልና ሚስቱ ያን አንድ ዕድል ለካቢኔት ሠሪው ስልክ ሲሉ በ10,000 ብር ተጠቅመውበታል። ሐሳባቸው ስድስት ወሩ ሲያልቅ፣ ሐምሌ ላይ፣ ወደ 14,000 ከፍ ማድረግ ነበር። ከአዋጁ በፊት ይህ የተለመደ አካሄድ ነው። አሁን ግን በሩ ተዘጋ።

የውኃው ሌሊት

ዋጋው ብቻ ቢሆን ቅር ብሏቸው ይቀመጡ ነበር። በሚያዝያ ግን ከብሎክ ኮሚቴው ስልክ ተደወለ።

ሳይቱ ላይ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ተከራዩ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ ውኃ የለም ብሎ ሳይዘጋው ቅዳሜና እሑድን ለመስክ ሥራ ወጣ። ሌሊት ውኃ መጣ። ወለሉ ላይ ያለው የፍሳሽ ማውረጃ ማስተናገድ ነበረበት፤ ግን ከሴራሚክ ሥራው በተረፈ ሲሚንቶ ግማሹ ተደፍኖ ነበር። ውኃው ሳሎኑን ሞልቶ ወደ ታችኛው ቤት ወረደ። ከታች የሚኖሩት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ጣሪያቸው ተበላሸ፤ ሶፋቸውና ቴሌቪዥናቸው ረጠበ። ጉዳቱ 24,000 ብር ተገመተ።

ኮሚቴው በሩን በትርፍ ቁልፍ ሲያስከፍት ሌላም ነገር ታየ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ወጣቶች ናቸው። ተከራዩ ሁለት ደባል አስገብቷል፤ ከእያንዳንዳቸውም ይቀበላል። ያልተከፈለ የውኃ ሒሳብም ተከምሮ ተገኘ። መብራቱ በካርድ ቆጣሪ ስለሆነ ብቻ ነው ከዚያ የዳኑት።

ሚስት በዚያ ሳምንት የተሰማትን ስትነግረኝ በጣም የተናደደችው በደባሎቹ ነበር። «እኛ ዕዳ ስንገፋ እሱ በእኛ ቤት አከራይ ሆነ» አለች። ንዴቷ ይገባኛል። ግን ወረቀቱ ላይ ደባል አይገባም የሚል ቃል አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የሞከሩት ደላላው የመከራቸውን ነው። ለተከራዩ «እህቴ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» በለው አለ። ባል እንዳለው አደረገ። ተከራዩ ሞኝ አይደለም፤ ወደ ወረዳው ሄዶ ጠየቀ። የወረዳው ባለሙያ ለሁለቱም የነገራቸው አንድ ነው፦ ማስለቀቅ የሚቻለው በሕጉ በተቀመጡ ምክንያቶችና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይመጣሉ የተባሉት እህት ደግሞ ምንም ማስረጃ የላቸውም። ከዚህ በኋላ ተከራዩ የባልን ስልክ ማንሳት አቆመ። ያቺ ውሸት ያበላሸችውን ለማስተካከል ወራት ወስዷል።

ሁለተኛው የደላላው ምክር «በወረቀት 10,000፣ በእጅ 3,000» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሚስት እምቢ አለች። ምክንያቷ ቀላል ነው። ተከራዩ የእጁን መክፈል ሲያቆም ለማን አቤት ይባላል? ክፍያው በባንክ ይሁን ከተባለ በኋላ በእጅ የሚሰጥ ብር የተከራዩ በጎ ፈቃድ እንጂ ኪራይ አይደለም።

መፍትሔው የመጣው ከኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢው ሁለቱንም ወገኖች ቤታቸው ጠሩ። ከታች ያሉትንም እናት ጠሩ። ቡና ተፈላ። መጀመሪያ የተነሣው የውኃው ጉዳይ ነው። ተከራዩ ቧንቧውን አለመዝጋቱን አመነ። ባል ደግሞ የፍሳሹ መደፈን የእሱ ሠራተኛ ጥፋት መሆኑን አመነ። 24,000 ብሩን እኩል፣ 12,000፣ 12,000 ተካፈሉት። እናትየዋ «ቲቪው ይሠራል፣ እሱን ተዉት» ብለው ትንሽ ሊቀንሱላቸው ፈልገው ነበር፤ ሰብሳቢው አይሆንም አሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ውሉ ተመጣ። አከራዮቹ ዋጋ መጨመር አይችሉም። ተከራዩ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ደባሎቹ እንዲቆዩለት። ድርድሩ የተካሄደው በዚህ ላይ ነው። አንዱ ደባል ይለቃል። ሌላው ይቆያል፤ ግን ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፋል። ከሁለት ሰው በላይ አይኖርም። የተከመረውን የውኃ ሒሳብ ተከራዩ ይከፍላል፤ ወደፊትም በየወሩ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ይልካል። በአጠቃቀም የሚመጣ ብልሽት የተከራይ፣ ከግንባታና ከዕርጅና የሚመጣ የአከራይ ተባለ። ቤት ውስጥ ሰው በማይኖርበት ጊዜ ሁሉ ዋናው የውኃ ቧንቧ እንዲዘጋ የሚል ዓረፍተ ነገርም ገባ። ይህን ያስገቡት ከታች ያሉት እናት ናቸው።

ርክክቡም ዘግይቶ ያኔ ተደረገ። ባልና ተከራዩ ከክፍል ክፍል እየዞሩ በር፣ መስኮት፣ ሶኬት፣ ቧንቧና ካቢኔት በስልክ ቀረጹ። የፍሳሽ ማውረጃው ተቆፍሮ ጸዳ። ለዚህ የወጣው ብር ከጉዳቱ አንፃር ሲታይ ለመናገር እንኳ ያሳፍራል።

ምዝገባው

በክረምቱ መግቢያ ወረዳው የኪራይ ውል መመዝገብ ጀምሮ ነበር። እኔ ጋ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ይዘውት የመጡት ጥያቄ ከአንድ ጎረቤት የተገኘ ነው። ጎረቤቱ፣ «7,000 ብላችሁ አስመዝግቡ፣ ግብሩ ይቀንሳል» ብሏቸዋል።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በወቅቱ ይሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ»፣ ማለትም በኪራይ ገቢ ግብሩ፣ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶ ወጪ ተብሎ ይቀነስለታል። ግብሩ የሚሰላው በቀሪው ላይ ነው።

በ10,000 ብር የዓመቱ ኪራይ 120,000 ነው። ግማሹ 60,000። ግብሩ 8,370 ብር ይሆናል። ከአንድ ወር ኪራይ ያነሰ ነው። በ7,000 ብር ደግሞ የዓመቱ 84,000፣ ግማሹ 42,000፣ ግብሩ 4,770 ብር። ልዩነቱ በዓመት 3,600 ብር ነው። ይህችን ለማትረፍ ሲባል በሕግ የሚጠየቀው ኪራይ በዓመት 36,000 ብር ዝቅ ይላል። ቀጣዩም ጭማሪ የሚሰላው ከ7,000 ላይ ተነሥቶ ነው። ሐሰት መጻፉ ከሚያመጣው ጣጣ ሌላ፣ እንዲሁ በሒሳብ ብቻ ቢታይ ኪሳራ ነው።

በ10,000 ብር፣ ለሁለት ዓመት አስመዘገቡ። ለ2016 በጀት ዓመት፣ ከጥር እስከ ሰኔ ለተቀበሉት 60,000 ብር፣ ሐምሌ ላይ 2,790 ብር ግብር ከፈሉ። ባል ደረሰኙን አይቶ «ይህ ነው እንዴ?» አለ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የገቢ ግብር አዋጁ በሐምሌ 2017 ተሻሽሏል። አሁን የሚያሰላ ሰው ከዚህ ቁጥር ላይ ሳይሆን ከአዲሱ ምጣኔ ይነሣ።

ቅድሚያው ስንት አስወጣ

ይህን ስሌት ለባልና ሚስቱ ሳሳያቸው ዝም አሉ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የላይኛዋ ጎረቤት 13,000 ታስገባለች። በዓመት 156,000። ግማሹ 78,000፣ ግብሩ 12,720 ብር። ከግብር በኋላ 143,280 ይቀራታል። ለባልና ሚስቱ ደግሞ ከ120,000 ላይ 8,370 ሲቀነስ 111,630 ብር ይቀራል። ልዩነቱ በዓመት 31,650 ብር ነው።

አሁን ቅድሚያውን እንየው። 60,000 ብሩ ስጦታ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣ ኪራይ ነው። በ13,000 ሁለት ወር ቅድሚያ ቢቀበሉ 26,000 በእጃቸው ይገባ ነበር። ስለዚህ ደላላው ያመጣላቸው ጥቅም 34,000 ብር ጥቂት ወራት ቀድሞ ማግኘት ብቻ ነው። ለዚህ የከፈሉት ዋጋ በየዓመቱ 31,650 ብር ነው። ቢያንስ ለሁለት ዓመት። ቤቱ አንድ ወር ሙሉ ባዶ ቢቀመጥ እንኳ የሚያጡት 13,000 ነበር።

34,000 ብር ከየት ይመጣል ለሚል፣ ካቢኔት ሠሪው ቀሪውን በሁለት ጊዜ ለመቀበል ፈቃደኛ ነበር። ይህን ያወቅነው ሚስት በኋላ ስታገኘው በጨዋታ መሀል ስለነገራት ነው። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ቤቱ አሁን ምን ያስገባል

የ2017 ሙሉ ዓመት እንዲህ ነበር። ኪራይ 120,000። ለባንክ 70,800። ግብር 8,370። ለጥበቃና ጽዳት ለኮሚቴው የሚከፈለው 3,600። የቀረው 37,230 ብር ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር እዚህ አልገባም። ከዚህ ላይ በወር 1,000 ብር ለጥገና ብለው በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ጀምረዋል። የተረፈው 25,230 ለማኅበሩ ብድር ይሄዳል። የማኅበሩ ዕዳ ግን በዓመት 54,000 ነው። ቀሪውን 28,770 ከደሞዝ ይሞላሉ። «ከእኛ ደሞዝ አይንካ» የተባለው አልሆነም።

ይህ ማለት ግን ቤቱ አክሳሪ ነው ማለት አይደለም። የማኅበሩ ብድር ከሦስት ዓመት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። የባንኩም ዕዳ በየወሩ ዋናው እየቀነሰ ነው። ችግሩ፣ ጀማሪ አከራይ ከመጀመሪያው ወር ትርፍ የሚጠብቅ መሆኑ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው የኮሚቴው ስብሰባ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ ጊዜውም ወጪውም ከ12,000 ብሩ ይበልጥ ነበር። ባል የራሱን ጥፋት ቀድሞ ማመኑ ድርድሩን ከፍቶታል ብዬ አምናለሁ። በባንክ መክፈልም ሠርቷል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስለ ቀንና ስለ መጠን አንድ ጭቅጭቅ አልተነሣም። የውኃ ደረሰኙ ፎቶ ግን በየወሩ አይመጣም። ባል አንዳንዴ መጠየቅ አለበት። ከታች ያሉት እናት ግን ውኃ በመጣ ቁጥር ሽቅብ ሰምተው ይደውላሉ፤ ከማንኛውም የውል አንቀጽ ይልቅ እሳቸው ይሻላሉ።

ያልሠራው የደላላው ምክር ሁሉ ነው። ደላላን በጅምላ መኮነን አልፈልግም። ሰው አገናኝቶ ኮሚሽን መቀበል ሥራው ነው። ግን ኮሚሽኑ የሚገኘው ቤቱ ቶሎ ሲከራይ ነው፤ ለሁለት ዓመት በምን ዋጋ እንደሚከራይ እሱን አይመለከተውም። ዋጋና ውል ላይ ምክር የሚጠየቅ ሰው አይደለም።

ሌላ ጀማሪ ከዚህ የሚወስደው

ፊኒሺንጉ የሚያልቅበትን ብር ቁልፍ ከመረከብ በፊት ማሰብ፣ የሁለት ወር የባንክ ክፍያም ጨምሮ መያዝ። ቤቱ ባዶ እያለ አንድ ወር መታገሥ የሚችል ሰው ብቻ ነው ዋጋ መደራደር የሚችለው። ብሩ ከሌለ ፊኒሺንጉን ቀለል ማድረግ ይሻላል። የእነዚህ ካቢኔት ብቻውን ከወጪው ትልቅ ድርሻ ወስዷል፤ ተከራዩ ግን ቤቱን ሲያይ የጠየቀው ስለ ውኃ ፈረቃና ስለ ትራንስፖርት ነበር።

ዋጋ ከማውጣት በፊት ያንኑ ስፋት ያለው ቤት ያከራዩ ሦስት አራት ጎረቤቶችን መጠየቅ። ኮሚቴው ሁሉንም ያውቃል። የራስን ዕዳ መነሻ ማድረግ ኪራዩን ዝቅም ከፍም ሊያደርገው ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ ስሕተት ነው።

ውሉ ላይ ስንት ሰው እንደሚኖርና እነማን እንደሆኑ፣ ውኃውን ማን እንደሚከፍል፣ የትኛው ብልሽት የማን እንደሆነ መጻፍ። ርክክቡን ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን በፎቶ ማድረግ። ሴራሚክ የሠራ ሰው ሒሳቡን ሳይቀበል በፊት በእያንዳንዱ ፍሳሽ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ማፍሰስ።

ባልና ሚስቱ አሁን በሚስት እናት ግቢ ያለውን ሰርቪስ ክፍል አድሰው ሊያከራዩ ነው። ሚስት ከሰፈሩ ዋጋ አሰባስባለች፤ ውሉንም ራሷ ጽፋዋለች። ባል ግድግዳውን ቀለም ብቻ እንቀባው ይላል፣ እሷ ሴራሚክ ይግባ ትላለች። እስካሁን አልተስማሙም።